የአልማዝ ካራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ ልጁን የዳረ ሁሉ ወርቅ ያውቃል። ባለ 18ቱን ከባለ 21ዱ ለይቶ፣ በግራም አስመዝኖ፣ ተከራክሮ ነው የሚገዛው። ቀለበቱ ላይ አልማዝ ሲጨመር ግን ያው ሰው ዝም ብሎ ይከፍላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

«ካራት የጥራት መለኪያ ነው»

ለወርቅ፣ አዎ። ባለ 18 ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው። ለአልማዝ ግን ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት 200 ሚሊግራም፣ የግራም አንድ አምስተኛ። ይህ ልክ በዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። «ባለ 24 ካራት አልማዝ» ብሎ ቀለበት የሚያሳያችሁ ሰው 4.8 ግራም የሚመዝን ድንጋይ አለኝ እያለ ነው። ከእሱ ጋር አትገበያዩ።

«ደረሰኙ 1 ካራት ካለ፣ ድንጋዩ 1 ካራት ነው»

ወንድሜ ለእጮኛው ቀለበት ሲገዛ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «አልማዝ 1 ካራት» ነበር። ቤት አምጥቶት መብራት ሥር አየነው። መሃል ላይ አንድ ፈርጥ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ሰባት ሰባት ጥቃቅን ፈርጥ። ተመልሰን ስንጠይቅ የመሃሉ 30 ነጥብ፣ ጥቃቅኖቹ እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ሆነው ተገኙ። 1 ካራት 100 ነጥብ ስለሆነ ድምሩ ልክ ነው፤ የተጻፈው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ብዙ ትናንሽ ድንጋይ ተደምሮ 1 ካራት መሙላቱና አንድ ድንጋይ ብቻውን 1 ካራት መሆኑ በዋጋ አይገናኙም። አንዱ ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ እጅግ ይወደዳል። ወንድሜ የከፈለው በአንዱ ትልቅ ድንጋይ ሂሳብ ነበር። «የመሃሉ ብቻውን ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

«2 ካራት የ1 ካራትን እጥፍ ያህል ይታያል»

አይታይም። በደንብ የተቆረጠ ክብ 1 ካራት አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 2 ካራቱ 8.2 አካባቢ። ክብደቱ ወደ ጥልቀትም ስለሚሄድ ነው። ዋጋው ግን ጥራታቸው እኩል ሆኖ እንኳ ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ሆዱ ጠልቆ የተቆረጠ ድንጋይ ደግሞ ክብደቱን ታች ደብቆ ከላይ ትንሽ ይመስላል፤ ለማይታይ ነገር ትከፍላላችሁ።

ገንዘብ ለመቆጠብ 95 ነጥብ የሆነውን ጠይቁ። ከ1 ካራቱ በዓይን አይለይም፣ ዋጋው ግን 1 ሲሞላ ነው የሚዘለው።

«ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ ይታወቃል»

ቀለበት ላይ የተሰካ ፈርጥ ለብቻው አይመዘንም። ከነቀለበቱ ከተመዘነ የድንጋዩ ክብደት በወርቅ ሂሳብ ሊገባባችሁ ይችላል፤ ይቀነስልን በሉ። የፈርጡ ካራት መታየት ያለበት ከመሰካቱ በፊት ነው፤ አለበለዚያ የላቦራቶሪ ሰርተፍኬት ጠይቁ። ስፋቱን በሚሊሜትር መለካት ይረዳል፣ አልማዝነቱን ግን አያረጋግጥም። ዚርኮኒያ የሚባለው አስመሳይ ድንጋይ በ6.5 ሚሊሜትር ስፋት 1.7 ካራት ገደማ ይመዝናል፤ ከአልማዝ ይልቅ ከባድ ነውና።