ድምፅ ወይስ መግባባት? የኦንላይን ማኅበረሰቦች እንዴት ይወስናሉ

በኢንተርኔት አብረው የሚሠሩ ሰዎች ክርክራቸውን የሚቋጩት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ድምፅ መስጠት ነው፤ ብዙ ሰው የመረጠው ያልፋል። ሌላው መግባባት ነው፤ ምክንያት ይቀርባል፣ ተቃውሞ ይሰማል፣ ሁሉም ባይወደውም ሊኖርበት የሚችል ሐሳብ እስኪገኝ ይወራል። ሲያዩት ድምፅ መስጠቱ ይቀላል። ግን ከቆጠራው በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ መራጩ ማን ነው?

ኦንላይን ላይ አንድ ሰው በአንድ ምሽት አምስት አካውንት ይከፍታል። ጓደኞቹን «ኑና ምረጡልኝ» ብሎ ይጠራል። ለቀልድ የሚመርጥም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ የእንግሊዝ የምርምር ተቋም ለአዲስ መርከቡ ስም እንዲወጣ ሕዝቡን በኦንላይን ጠየቀ። «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል የፌዝ ስም በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። መርከቡ በመጨረሻ በታዋቂው የተፈጥሮ ፊልም አቅራቢ በሰር ዴቪድ አተንቦሮ ስም ተጠራ፤ የፌዙ ስም ደግሞ ለአንድ ትንሽ የባሕር ውስጥ ሮቦት ተሰጠ።

ዊኪፔዲያ ከዚህ የተጠነቀቀ ይመስላል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ጽሑፍ ይሰረዝ አይሰረዝ የሚባልበት ገጽ ድሮ ስሙ ውስጥ «ድምፅ» የሚል ቃል ነበረው። በ2005 ቃሉ ወጣ። ዛሬ ተሳታፊው «ይሰረዝ» ወይም «ይቆይ» ብሎ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን ይቆያል። ሰባት ሰው «ይሰረዝ» ቢል፣ አንዱ ግን ሁለት ጠንካራ ምንጭ ይዞ ቢመጣ፣ ጽሑፉ ሊተርፍ ይችላል። ልማደኞቹ ይህን አስተያየት ሲጠሩት «ድምፅ» ከሚለው ቃል ፊት ቃለ አጋኖ ያደርጋሉ። በብዙ የኮድ ቋንቋዎች ምልክቱ «አይደለም» ማለት ነው። ድምፅ ያልሆነ ድምፅ እንደማለት ነው፤ ቀልዱ ለኮድ ሰዎች ብቻ ነው የሚያስቀው።

የኢንተርኔትን የቴክኒክ ደረጃዎች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ደግሞ ከነአካቴው የአባልነት መዝገብ የለውም። የፈለገ ሁሉ ይገባል። ድምፅ ቢቆጠር አንድ ትልቅ ኩባንያ መቶ ሠራተኛ ልኮ ማሸነፍ ይችል ነበር። ስለዚህ በስብሰባቸው በልማድ እጅ ከማውጣት ይልቅ «እምም» ብለው ያንጎራጉራሉ፤ ሰብሳቢው ጩኸቱን ሰምቶ አዝማሚያውን ይገምታል። በ2014 የወጣው ሰነዳቸው ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶታል፤ የተነሱት ተቃውሞዎች በሚገባ መልስ ካገኙ፣ አምስት ሰው ደግፎ መቶ ቢቃወምም «ግርድፍ መግባባት»፣ ማለትም ሙሉ ባይሆንም ለመወሰን የሚበቃ ስምምነት፣ ሊባል ይችላል ይላል።

የነፃ ሶፍትዌር ሥራዎችን በሚያስተባብረው አፓቺ የሶፍትዌር ፋውንዴሽን ውስጥ ዝም ያለ እንደተስማማ የሚቆጠርበት አሠራር አለ። የኮድ ለውጥ ላይ ግን የመወሰን መብት ያለው አንድ ሰው ብቻውን ማገድ ይችላል፤ ቴክኒካዊ ምክንያት ካላቀረበ እገዳው ዋጋ የለውም።

መግባባትም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጊዜ ያለው ያሸንፋል። ሥራና ልጅ ያለበት ሰው ተሰላችቶ ሲወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጽፈው «ተስማማን» ይላል። ክርክሩን የሚዘጋው ሰው ሥልጣንም ቀላል አይደለም።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ደቢያን ግን አባላቱን ለይቶ ስለሚያውቅ በድምፅ ይወስናል። መሪውን በየዓመቱ ይመርጣል፤ መራጩ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ «ማንንም አልፈልግም» የሚል አማራጭም አለው። ሆኖም ድምፅ ክርክርን ይዘጋል እንጂ ቅሬታን አይዘጋም። በ2014 ሲስተምዲ የተባለውን፣ ኮምፒውተር ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስጀምረውን ሶፍትዌር የመቀበሉ ጉዳይ ቴክኒክ ኮሚቴውን አራት ለአራት ከፈለው፤ በሰብሳቢው ድምፅ አለፈ። የተቃወሙት አንዳንዶች ተገንጥለው ዴቩዋን የተባለ የራሳቸውን ሥርዓት ጀመሩ።

ፓይተን የተባለው የኮድ ቋንቋ ማኅበረሰብ ሁለቱንም አጣምሯል። ለዓመታት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። በ2018 አንድ የቋንቋ ለውጥ ላይ በተነሳው ንትርክ ታክቶት ወረደ። ዋናዎቹ አልሚዎች ከእንግዲህ እንዴት እንወስን የሚለውን በድምፅ ለዩ፤ አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ይምራን አሉ። የምክር ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ታዲያ ምን ይላል? ድምፅ ከመስጠት ይልቅ መግባባትን መፈለግ ይሻላል ይላል።