የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች የጥንካሬ ልምምድ በጎጃም

የጥንካሬ ልምምድ ታዳጊው ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲጋፋ ጡንቻው የሚያወጣውን ኃይል የሚያሳድግ፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱንም ከጉዳት የሚጠብቅ ሥልጠና ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በዳንግላ ሜዳ ለሚሠለጥን ልጅ የገዛ ክብደቱ፣ አንድ ጓደኛና ጥቂት ጀሪካን ይበቁታል። «ክብደት ያነሳ ልጅ ቁመቱ አያድግም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ አደጋው ያለው አሠራሩን ሳይለምዱ ከባድ ነገር በማንሳት ላይ ነው። ዳገት መሮጥም ትንፋሽ ያጎለብታል እንጂ ይህን ልምምድ አይተካም።

በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ሰውነት ከተሟሟቀ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሠራል። በሁለት ልምምዶች መካከል 48 ሰዓት ያህል እረፍት ያስፈልጋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቢደረግ ከረቡዕና ከዓርብ ጾም ጋር አይጋጭም። በዐቢይ ጾም ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው ማስጠጋት፣ ማዕዱንም በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ ማጠናከር ይበጃል።

መነሻው ቁጭ ብድግ ነው፤ 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ተረከዝ ከመሬት አይነሳም። ዋናው ስህተት ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉ ነው። ብዙውን ጊዜ የዳሌ ጡንቻ ሲደክም ይመጣል፤ ከዝላይ ሲያርፉ የጉልበት ጅማት የሚበጠሰውም በዚሁ አቋም ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ይቀነሳል፣ ጉልበት በእግር ጣቶች አቅጣጫ እንዲሄድ ይደረጋል። 12ቱ ሳይበላሹ ሲያልቁ ብቻ ውሃ የሞላ የ2 ሊትር ሃይላንድ ደረት ላይ ይታቀፋል፤ ያ 2 ኪሎ ነው። ከዚያ ወደ 5 ሊትር ጀሪካን ይታለፋል። ጎደሎ ጀሪካን ውሃው እየተናጠ ሚዛን ስለሚያስት ለጀማሪ አይሆንም። አሸዋ የሚሞላ ደግሞ ያው ዕቃ ከውሃው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እንደሚከብድ ልብ ይበል።

ለጭን የኋላ ጡንቻ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ልጁ በታጠፈ ጋቢ ላይ ተንበርክኮ፣ ከጉልበት እስከ ራሱ ቀጥ እንዳለ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ወስዶ ወደ ፊት ይወርድና በእጁ መሬቱን ይቀበላል። ወገቡን ካጠፈ ጥቅሙ ይጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ዙር በ5 ጊዜ ይበቃል። ያለዚያ ለሁለትና ሦስት ቀን የሚዘልቅ ሕመም ይከተላል፤ በጨዋታ ዋዜማም ባይሠራ ይሻላል። ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ 3 ዙር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይያዛል፤ ወገብ ሲሰምጥ ይቆማል።

አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የቤቱን ሥራ ነው። በጀሪካን 20 ሊትር ውሃ ሲያመላልስ ወይም ሲያጭድ የዋለ ልጅ እግሩ ሠርቷል። አንድ ዙር ይበቃዋል፤ ፍጥነቱ የወረደውም ስለሰነፈ አይደለም። ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት ዕድሜ፣ ማለትም በወንዶች 14፣ በሴቶች 12 ዓመት ገደማ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ወይም ተረከዝ ካመመ ዝላይና ሩጫ ይቀነሳሉ። ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

በሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ሲጨቀይ የዝላይ ልምምድ ይቅር። ወደ ሲሚንቶ በረንዳ ማዛወሩም ተረከዝና ጉልበት ስለሚመታ አይመከርም፤ እዚያ ፕላንክና ተንበርክኮ መውረዱ ይሠራሉ።