በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ልቦለዶች ውስጥ ጋብቻ፦ ፍቅር፣ ገንዘብና መደብ

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ ከታተሙት ታላላቅ ልቦለዶች አብዛኞቹ ጋብቻን የታሪካቸው ማዕከል አድርገዋል። ጋብቻው የሁለት ሰዎች መዋደድ ብቻ አልነበረም፤ ርስት፣ ዕዳ፣ የዘር ሐረግና የጠበቃ ውል የሚገናኙበት ጉዳይ ነበር። ደራስያኑ የገጸ ባሕርያቸውን የዓመት ገቢ በፓውንድ ቆጥረው የሚነግሩን ለዚህ ነው።

መነሻው ሕጉ ነው። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ መሠረት ያገባች ሴት ከባሏ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አልነበራትም። ጥሬ ገንዘቧ፣ ጌጧና ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የባሏ ይሆናል፤ መሬቷ በስሟ ቢቆይም ኪራዩን የሚሰበስበው እሱ ነው። ሀብታም ቤተሰቦች ይህን አደጋ የሚከላከሉት ከሠርጉ በፊት በሚፈረም የንብረት ውል ሲሆን፣ ውሉ የሙሽራዋን ሀብት በባለአደራዎች እጅ ያኖርላታል። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ቤተሰብ ግን ይህን ከለላ አያገኝም ነበር።

ውሉ ራሱ ምን ያህል ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል እንደ ዊልኪ ኮሊንስ አጥርቶ ያሳየ የለም። በ1860 በመጽሐፍ በወጣው «ነጭ የለበሰችው ሴት» ውስጥ ሎራ ፌርሊ የ20,000 ፓውንድ ወራሽ ናት። የቤተሰቧ ጠበቃ፣ ልጅ ሳትወልድ ከሞተች ገንዘቡ በኑዛዜዋ ለመረጠችው ሰው እንዲተላለፍ አድርጎ ውሉን ያረቅቃል። የሙሽራው ጠበቃ በበኩሉ አንቀጹን ለውጦ ገንዘቡ በሙሉ ለባልየው እንዲሆን ይጠይቃል፤ አጎቷም ነገሩ እንዳያስቸግረው ብቻ ብሎ ይስማማል። ጠበቃው የገዛ ልጁ ብትሆን በእንዲህ ያለ ውል እንደማይድራት ይናገራል። የሎራ መከራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንዲት አንቀጽ ነው።

የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) ደግሞ ጉዳዩን ከደመወዝተኛዋ ወገን ያየዋል። ጄን በሀብታም ቤት በዓመት 30 ፓውንድ የምትቀጠር የልጅ አስተማሪ ናት፤ እንዲህ ያለችው ሴት በትምህርቷ ከጌቶች፣ በደመወዟ ከአገልጋዮች ስለምትመደብ ከሁለቱም ወገን ባይተዋር ነበረች። አሠሪዋ ሮቸስተር ካጫት በኋላ ሐርና ዕንቁ ሊያለብሳት ሲነሣ፣ ማስተማሯን ቀጥላ ምግቧን፣ ማደሪያዋንና 30 ፓውንዷን በሥራዋ እንደምታገኝ ትነግረዋለች። እሱ ራሱም የገንዘብ ጋብቻ ሰለባ ነው። አባቱ ርስቱ እንዳይከፋፈል ሲል ሁሉንም ለታላቅ ወንድሙ ትቶ፣ እሱን ሙሽራዋ ይዛ በምትመጣው 30,000 ፓውንድ ምክንያት በጃማይካ አጋብቶታል። ይህ ጋብቻ በሠርጓ ቀን ሲገለጥ ጄን ትታው ትሄዳለች። በመጨረሻ 20,000 ፓውንድ ወርሳ ለሦስቱ የአክስት ልጆቿና ለራሷ እኩል ታካፍላለች፤ ወደ ሮቸስተር የምትመለሰውም ራሷን ችላ ነው። አንዳንድ ሐያስያን ውርሱን የደራሲዋ ማምለጫ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ይሁንና የዘመኑን ሕግ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ሴቲቱ ፍቅርን ያለ ጥገኝነት የምትመርጥበትን መሬት ያመቻቸላት ይኸው ውርስ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም።

የእኅቷ የአን ብሮንቴ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» (1848) የበለጠ ደፋር ነው። ሄለን ከሰካራም ባሏ ልጇን ይዛ ሸሽታ ሥዕል እየሸጠች ትኖራለች፤ በሕጉ ግን የሥዕሉም ገንዘብ የባሏ ነበር። በጸሐፊዋ በካሮላይን ኖርተን ጥረት በ1839 የወጣው ሕግ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንድትጠይቅ ከመፍቀድ ብዙም አላለፈም። ደራስያኑ ዲክንስና ታከሪም በዚሁ ዓሥርት ዓመት የጋብቻን ገበያ ክፉኛ ተችተዋል።

የመደብን ነገር በተመለከተ የአንቶኒ ትሮሎፕ «ዶክተር ቶርን» (1858) ግልጽ ምሳሌ ነው። ዕዳ የተጫነው የግሬሻም ቤተሰብ ወራሽ ገንዘብ ያላትን እንዲያገባ ይወተወታል፤ እሱ የሚወዳት ሜሪ ቶርን ግን ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ድኻ ናት። ከድንጋይ ጠራቢነት ተነሥቶ በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረው አጎቷ ያፈራው ሀብት ለእሷ ሲደርስ የወራሹ እናት ተቃውሞ ወዲያው ይረግባል። በጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» (1871–72) ውስጥም ካሶቦን ሚስቱ ዶሮቲያ ከእሱ ሞት በኋላ ወጣት ዘመዱን ዊል ላዲስላውን ካገባች ንብረቱን እንድታጣ በኑዛዜው ላይ ይጨምራል፤ እሷም ንብረቱን ትታ ታገባዋለች።

በ1856 ያገቡ ሴቶች የንብረት መብት እንዲያገኙ ለፓርላማ በቀረበው አቤቱታ ላይ ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል ፈርማለች። በ1857 ፍቺ በፍርድ ቤት እንዲታይ ቢፈቀድም፣ ባል የሚስቱን ዝሙት ብቻ ማስረዳት ሲበቃው ሚስት ግን በተጨማሪ ጭካኔን ወይም ጥሏት መሄዱን የመሰለ በደል ማስረዳት ነበረባት። የ1870ው ሕግ ደመወዟን፣ የ1882ቱ ደግሞ ንብረቷን በሙሉ ለሚስት አደረገ። ልቦለዶቹ በሕግ አውጭዎቹ ላይ በቀጥታ ተጽዕኖ አድርገዋል ማለት ያከራክር ይሆናል፤ የአንባቢውን ሕሊና ግን ቀድመው አዘጋጅተዋል።

በዘመኑ ማብቂያ፣ በጆርጅ ጊሲንግ «ጥንድ ያጡ ሴቶች» (1893) ውስጥ፣ ሞኒካ ማደን ድኽነትን ሸሽታ በዕድሜ የሚበልጣትን ባለ ገንዘብ አግብታ ትዳሩ ይፈርሳል። ያላገቡ ሴቶችን የጽሕፈት መኪና ሥራ የምታሠለጥነው ሮዳ ነን ደግሞ የምትወደው ሰው ያቀረበላትን የጋብቻ ጥያቄ አልቀበልም ብላ በሥራዋ ትቀጥላለች።