ስትራፕ ምንድን ነው?

ጂም ውስጥ ዴድሊፍት እየሠራችሁ ነው እንበል፤ ክብደት የተሰካበትን ረጅም ብረት፣ ባሩን፣ ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ነው። እግራችሁ ገና ጉልበት አለው፣ ጀርባችሁም አልደከመም። ስድስተኛው ድግግሞሽ ላይ ግን ባሩ ከመዳፋችሁ ወደ ጣቶቻችሁ ጫፍ መንሸራተት ይጀምራል። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ትላቀቃለች፣ የቀለበት ጣት ትከተላታለች፣ ከዚያ ብረቱ መሬት ላይ ነው። እናንተም መዳፋችሁን እያያችሁ «እጄ ከዳኝ» ትላላችሁ። ስትራፕ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ሲያዩት ተራ ነገር ነው፦ ከጥጥ፣ ከናይለን ወይም ከቆዳ የተሠራ፣ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ግድም ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ። በአንድ በኩል የእጅ አንጓችሁን ይይዛል፣ በሌላ በኩል ባሩ ላይ ይጠመጠማል። ጣቶቻችሁ ብቻቸውን ይሸከሙት የነበረው ክብደት አሁን ከአንጓችሁም ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ግን እጅ ለምን ቀድሞ ይደክማል? ጣትን አጥብቀው የሚዘጉት ዋነኞቹ ጡንቻዎች ጣት ውስጥ የሉም፤ ከክርን በታች፣ ክንድ ላይ ናቸው። ወደ ጣት የሚወርደው ጅማታቸው ብቻ ነው። ማመን ካቃታችሁ አንዱን እጅ በሌላኛው ክንድ ላይ አድርጉና ጣቶቻችሁን ዝጉ፣ ክፈቱ። ከመዳፍ ርቆ ክንዳችሁ ውስጥ ሲላወስ ይሰማችኋል። እነዚህ ቀጫጭን ጡንቻዎች ናቸው እንግዲህ ጭንና መቀመጫ፣ ጀርባም ጭምር ተባብረው የሚያነሱትን ብረት ይዘው እንዲቆዩ የሚጠበቁት። በዚያ ላይ ባር ክብ ነው፣ ይሽከረከራል። ሁለቱም መዳፍ ወደ ሰውነት ዞሮ ሲይዝ አራት ጣቶች በአንድ ወገን፣ አውራ ጣት ብቻውን በሌላው ወገን ስለሚሆኑ፣ ባሩ ሁልጊዜ መውጫ የሚፈልገው በጣቶቹ ጫፍ በኩል ነው።

ስትራፕ ይህን የሚያሸንፈው በሰበቃ ነው። ገመድ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ከባድ ነገር የያዘ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ጥምጥም ሰበቃውን ያባዛዋል፣ የገመዱ ጫፍ ላይ የቀረው ሥራ ትንሽ ይሆናል። እዚህም ጫፉን የሚይዘው መዳፋችሁ ነው። ስለዚህ «ስትራፕ ካደረግኩ እጄን ልፍታው» የሚል ሰው ተሳስቷል። ካልጨበጣችሁት ይፈታል።

አንድ ነገር ላጥራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ስትራፕና የአንጓ መጠቅለያ፣ ማለትም ሪስት ራፕ፣ አንድ አይደሉም። መጠቅለያው እንደ ፋሻ አንጓን ዙሪያውን ጠፍሮ የሚደግፍ፣ ቤንች (ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ወይም ኦቨርሄድ ፕሬስ (ባሩን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) ስንሠራ እጅ ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ የሚያግዝ ነው። ባሩን ጨርሶ አይነካውም። ስትራፕ ደግሞ ለሚጎተት ነገር ነው፦ ለዴድሊፍት፣ ለሮው (ብረቱን ወደ ሆድ መሳብ)፣ ለሽረግ (ብረት ይዞ ትከሻን ወደ ላይ መስቀል)፣ ለላት ፑልዳውን (ከላይ የተንጠለጠለ ዘንግ ወደ ደረት መሳብ)። ስትራፕ ጠምጥሞ ቤንች ላይ የተኛ ሰው ካያችሁ በትህትና ንገሩት።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ያለው ነው። ሌላኛው ጫፍ በቀለበቱ ሲሾልክ እጅ የሚገባበት ሸምቀቆ ይሆናል። ኦሊምፒክ ማንሳት፣ ማለትም ባሩን ከመሬት በፍጥነት ከራስ በላይ ማድረስን፣ የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱት አጭርና በቶሎ የሚለቅ ዓይነት አለ። ሦስተኛው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ነው፤ እጅን ከባሩ ጋር ቆልፎ ስለሚይዝ በጣም ከባድ ዴድሊፍት ላይ የሚያህለው የለም፣ ግን ብረቱን ድንገት ልጣል ቢሉ አይለቅም።

አጠማጠሙ በቃል ከባድ፣ በእጅ ቀላል ነው። ሸምቀቆውን ሠርታችሁ እጃችሁን አስገቡ፤ የሚንጠለጠለው ጭራ መዳፋችሁ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ መውረድ አለበት። ወደ ትንሿ ጣት በኩል ከወረደ የግራውን ለቀኝ አድርጋችኋል። (እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱንም ገልብጬ አስሬ፣ «ይሄ ነገር አይሠራም» እያልኩ ስወቅሰው ነበር።) ከዚያ እጃችሁን ባሩ ላይ አሳርፉ። ጣቶቻችሁ ባሩን ከፊት ለፊት ዞረው፣ ከሥሩ ወደ እናንተ ይመለሳሉ፤ ጭራው ግን በተቃራኒው መሄድ አለበት፦ ከእናንተ በኩል በባሩ ሥር ወደ ፊት ወጥቶ፣ በላዩ ተመልሶ ይምጣ። አንድ ወይም ሁለት ጥምጥም ይበቃል። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ይተኙ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አይቆለል፤ ከተቆለለ ባሩ እየወፈረባችሁ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጥምጥሙን ጨብጣችሁ፣ የሞተር ሳይክል ጋዝ እንደሚሰጥ ሰው ባሩን ወደ ራሳችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ትርፉ ሁሉ ተስቦ አንጓችሁ ላይ ጥብቅ ሲል ይሰማችኋል። ሁለተኛው እጅ ላይ ጭራውን የሚጠቀልልላችሁ ሌላ እጅ የለም፣ በዚያው እጅ ጣቶች እየገፋችሁ ነው የምትጠመጥሙት፤ ለዚህም ነው ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ የሚንገታገተው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ስጡት።

ስትራፕ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቾክ ሞክሩ ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚከዳው ጉልበት ሳይሆን ላብ ነው። የጂም ቾክ ማግኒዥየም ካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት ሲሆን እርጥበትን ይመጥጣል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍበት ጠመኔ ጋር በስም እንጂ በሥራ አይገናኝም። ዱቄት የሚከለክል ጂም ካጋጠማችሁ በአልኮል የተበጠበጠ ፈሳሽ ቾክ አለ፤ አልኮሉ ሲተን መዳፍ ላይ ነጩ ይቀራል። ጓንት ግን ለዚህ ጉዳይ አልመክርም። መዳፍን ከመላጥ ያድን ይሆናል፤ ውፍረቱ ባሩ ላይ ስለሚጨመር መያዝን ያከብዳል እንጂ አያቀልም።

መሣሪያ የማያስፈልጋቸው አያያዞችም አሉ። አንዱን መዳፍ ወደ ውጭ፣ ሌላውን ወደ ውስጥ አድርጎ መያዝ የባሩን መሽከርከር ይገታል፤ ጣጣው ወደ ውጭ የዞረው ክንድ ሲታጠፍ የቢሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) ጅማት የመበጠስ አደጋ መኖሩ ነው። ሁክ ግሪፕ የሚባለው ደግሞ አውራ ጣትን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ሥር መቅበር ነው። ያማል፣ ይሠራል።

«ስትራፕ ማጭበርበር ነው» የሚል ክርክር በየጂሙ አለ። በውድድር ላይ መልሱ እንደ ስፖርቱ ነው። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (ዴድሊፍትም ያለበት የብረት ማንሳት ውድድር) ፌዴሬሽን ቾክ ይፈቅዳል፣ ስትራፕ አይፈቅድም፤ በኦሊምፒኩ ክብደት ማንሳትም መድረክ ላይ ስትራፕ ክልክል ነው፣ ምንም እንኳ አንሺዎቹ በልምምድ ስናች (ባሩን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት) ሲሠሩ አዘውትረው ቢያደርጉት። በስትሮንግማን፣ በጠንካራ ሰዎች ውድድር፣ ዓለም ግን ነውር የለውም። እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል እ.ኤ.አ. በ2016 500 ኪሎ ዴድሊፍት ሲያነሳ፣ አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሶንም በ2020 501 ኪሎ ሲያነሳ፣ ሁለቱም ስትራፕ አድርገው ነበር።

ለማይወዳደር ሰው ግን ጥያቄው መነሳት ያለበት ሌላ ቦታ ነው፦ አሁን የምሠራው ምኑን ነው? ጀርባዬን ለማሳደግ ሮው እየሠራሁ ጀርባዬ ሳይደክም እጄ ቢያስቆመኝ፣ የዛሬው ሥራ የክንድ ሥራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ስትራፕ አለማድረግ ግትርነት ይመስለኛል። በአንጻሩ ከመጀመሪያው ቀላል ብረት ጀምሮ የሚታሰር ሰው እጁ መቼ ይጠንክር? እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ 60፣ 80፣ 100 ኪሎ እያልኩ ስወጣ በባዶ እጅ፣ በቾክ ብቻ፤ 120 ላይ ስደርስ፣ ለመጨረሻዎቹ ከባድ ዙሮች፣ እታሰራለሁ። ቁጥሩ የየራሳችሁ ነው፤ ባሩ መንሸራተት የሚጀምርበትን ክብደት አንድ ሁለት ጊዜ ካያችሁት መታሰሪያችሁ እዚያ ነው። እጁ ወደኋላ የቀረበት ሰው ደግሞ የሥራው መጨረሻ ላይ ባር ላይ እየተንጠለጠለ ሰከንድ ይቁጠር።

ክሊን (ባሩን ከመሬት ወደ ትከሻ ማንሳት) ስትሠሩ ግን ስትራፕ አታድርጉ። ክሊን ላይ ባሩ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክርን በፍጥነት ወደ ፊት መዞር አለበት፤ የታሰረ እጅ ይህን አይችልም፣ ማንሳቱ ቢከሽፍ አንጓ ከባሩ ጋር ይሄዳል። ስናች ላይም ቢሆን የስምንት ቅርጹን ሳይሆን ቶሎ የሚለቀውን ተጠቀሙ፤ ከመጀመራችሁ በፊትም በባዶ ባር ደጋግማችሁ ጥላችሁ ሞክሩት፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ጥብጣቡ በራሱ መፈታት አለበት። ስፌቱ መተርተር የጀመረ ስትራፕ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጣሉት፤ የሚበጠሰው ክብደቱ ከፍ ባለበት ዙር ነው።