ባለሆቴሉን ማን ገደለው? በእሑድ ቡና ላይ የማይጠፉ የተሳሳቱ ግምቶች

ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ቤት የሚጠጣው የእሑድ ቡና ከጥቂት ወራት ወዲህ አውጫጭኝ ሆኗል። በድሮው አውጫጭኝ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። አክስቴም ወደ አማርኛ የተመለሰው የውጭ ድራማ የዕለቱ ክፍል ሲያልቅ በረካውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ባለሆቴሉን የገደለው ሚስቱ ትሁን፣ ሒሳብ ሠራተኛው ወይስ አትክልተኛው፣ ግምቱን ሳይናገር የሚወጣ የለም። ግምቱ ባልከፋ፤ የሚያቆስለኝ ምክንያቱ ነው።

«ፊቱን አያችሁት? እሱ ነው!»

ሒሳብ ሠራተኛው ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ዓይኑን ሰበር አደረገ፤ ግማሹ ቤት በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ዓይኑን የሰበረው ግን ተዋናዩ ነው። ተዋናዩ ደግሞ ምስጢሩን ላያውቀው ይችላል። የዴንማርክ ቴሌቪዥን በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረበው «ፎርብሪዴልሰን» በተባለው ባለ20 ክፍል ድራማ ተዋንያኑ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ነበር የሚሠሩት። በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በታየው «ብሮድቸርች»ም አብዛኞቹ ተዋንያን አያውቁም ነበር። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚጫወት ሰው ፊት ላይ ምን ጥፋት ይነበባል?

ይባስ ብሎ አንዷ ጎረቤታችን «ድምፁም ተንቀጠቀጠ እኮ!» አሉ። የሰማነው ድምፅ የዚያ ሰው አይደለም፤ ድራማውን በአማርኛ የሚያናግር ሌላ ባለሙያ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ያነበበው ነው። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው እሱም ያውቃል ማለት ነው» አሉኝ።

«ገዳይ ከቤት አይወጣም»

የአክስቴ አቋም ነው፤ ማስረጃቸውም የታወቀው ግጥም፦ «የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ።» ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሚስቲቱን ይዘው አልለቀቁም። ግጥሙ በከንቱ አልተገጠመም። የተባበሩት መንግሥታት ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከሚገደሉ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ እጅ ነው። ለተገደሉ ወንዶች ግን ይህ ድርሻ በጣም ዝቅ ይላል። የእኛ ሟች ደግሞ ወንድ ነው። አክስቴ ይህን ሰምተው «ሚስትየዋ ጥቁር ለብሳ ስትስቅ አላየሁም?» አሉ።

«ያላሰብነው ሰው ነው የሚሆነው»

ይህን የሚሉት ብልጥ ነን ባዮቹ ናቸው፤ አትክልተኛውን የመረጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለታየ ነው። የድራማ ጸሐፊ ግን ተመልካቹ እንዲህ እንደሚያስብ ያውቃል፤ እያወቀም ያሳስተዋል። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ይህን ማስረዳት ባላስቸገረ ነበር። ባለቅኔ ወርቁን ከሰማይ አያወርደውም፤ ሁለት ትርጉም ያዘለውን ኅብረ ቃል ሰሙ ውስጥ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ጆሯችን ሰሙን ይዞ ያልፋል እንጂ ቃሉስ ተሰምቷል። ደህና የወንጀል ድራማም እንደዚያ ነው።

በሁለተኛው ክፍል ሚስቲቱ «እሱ ስኳር አፉ አይነካም ነበር» አለች። ሐዘን መስሎን አለፍነው። በሞተበት ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለት ስኒ ነበር፤ የአንዱ ስኒ ሥር ላይ ያልሟሟ ስኳር ተጋግሯል። ካሜራው እላዩ ላይ ትንሽ ቆየ። በቀብሩ ማግስት ሒሳብ ሠራተኛው ሻይ ሲቀርብለት ሦስት ማንኪያ ጨመረ። ሁሉም ዓይናችን ሥር የተደረገ ነው። እኔም ብሆን ያስተዋልኩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ተመልሼ ሳየው ነው፤ አልዋሽም።

«ዝም ካለ አበቃለት»

አትክልተኛው ፖሊስ ፊት «ጠበቃዬ ሳይመጣ አልናገርም» ሲል ቤቱ ተንጫጫ። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡት ጋሼ ብቻ ስኒያቸውን አስቀመጡና ተቆጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመትና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይደነግጋል። «ዝምታ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ» አሉ ጋሼ፣ «ግማሹን አገር አስረን በጨረስን።»

«የሞተው ልክ በ3 ሰዓት ከ10 ነው»

የድራማው ሐኪም ደቂቃ ቆጥሮ ስለተናገረ ስንት ተጠርጣሪ ነጻ ወጣ! እውነተኛ የአስከሬን መርማሪ እንዲህ አይደፍርም። የሰውነቱን ሙቀት መውረድና የጡንቻውን መድረቅ አይቶ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ባለው ጊዜ» ይላል። ሙቀቱ የሚወርድበት ፍጥነት በልብስ፣ በውፍረትና በአየሩ ይለያያል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት ማርቆስ በሐምሌ ሌሊት ደጅ ያደረና ዓባይ በረሃ ውስጥ ያደረ እኩል አይቀዘቅዙም።

«መጨረሻውን ኢንተርኔት ላይ አንብቤዋለሁ»

ይህኛው አጭር ነው። የዴንማርኩን ድራማ አሜሪካኖች በ2011 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲሠሩት ገዳዩን ለውጠውታል። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ዋና ገጸ ባሕርዩን ጄ. አርን ማን እንደተኮሰው ምስጢሩ እንዳይወጣ ተኳሹን በተለያዩ ተዋንያን ደጋግሞ ቀርጿል። አንብቦ የመጣውም ከእኛ ጋር ይቀመጥ።

የመጨረሻው ክፍል ታየ፤ ገዳዩ ሒሳብ ሠራተኛው ሆኖ ተገኘ። ፊት አንባቢዎቹ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ስለ ስኳሩ ብናገር የሚሰማኝ ጠፋ። «ዓይኑን ስናይ አልነገርናችሁም? አገር ስጡን!» አሉ፣ እንቆቅልሽ ጠይቆ መላሽ ያጣ ይመስል። አክስቴ ጀበናውን ወደ ማቶቱ እየመለሱ «ጎንደርን ውሰዱ» አሉ፤ «ጎጃምን ግን በዓይን ሰበር አልሰጥም።»