“ሊንክ ብቻ ነው የለጠፍኩት” እና ሌሎች የኦንላይን ፖከር ሕግ ስሕተቶች

አሜሪካ ውስጥ ስለ ኦንላይን ፖከር ሕግ በአማርኛ ወሬ ከተነሳ አንድ አባባል አይቀርም፦ “እኔ ቁማር አላጫውትም፤ ሊንክ ብቻ ነው የለጠፍኩት።” ባዮቹ አፊሊየቶች ናቸው፤ በቲክቶክ፣ በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ተጫዋች እየላኩ ከሳይቱ ኮሚሽን የሚቀበሉ። ይህ አባባል ረጅም መልስ ስለሚፈልግ በትንንሾቹ ስሕተቶች እንጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“የ2006ቱ የፌደራል ሕግ ኦንላይን ፖከርን ከለከለ።” አልከለከለም። ፕሬዚዳንት ቡሽ ኦክቶበር 13 ቀን የፈረሙት ሕግ የሚያሳድደው ገንዘቡን ነው። ለሕገወጥ የኢንተርኔት ቁማር እያወቀ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት ባለቤት እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የትኛው ቁማር ሕገወጥ እንደሆነ የሚወስኑት ግን ሌሎች ሕጎች ናቸው፤ በተለይ የየግዛቱ።

“ተጫዋችን ማንም አይነካውም።” ሲያትል የምትኖሩ ይህን ባትደግሙት ይሻላል። የዋሽንግተን ግዛት በዚያው በ2006 ሕጉን አሻሽሎ፣ ካልተፈቀደው ቁማር ጋር የተያያዘ መረጃ በኢንተርኔት እያወቁ መላክንም መቀበልንም ክላስ ሲ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ አድርጎታል። ጣሪያው 5 ዓመት እስርና 10,000 ዶላር ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በተጫወተ ሰው ላይ ዐቃቤ ሕግ ይሮጣል ማለት አይደለም፤ ዜግነት ላልወሰደ ሰው ግን ፌሎኒ የሚባል ነገር በቀልድም የሚነካ አይደለም።

“ስፖርት ቤቲንግ ተፈቅዷል፣ ፖከርም ያው ነው።” ያው አይደለም። ቨርጂኒያ በጃንዋሪ 2021፣ ሜሪላንድ በኖቬምበር 2022 በስልክ የሚደረግ የስፖርት ውርርድ አስጀምረዋል። እስከ 2025 ማብቂያ ድረስ ግን ሁለቱም ለኦንላይን ፖከር ፈቃድ አልሰጡም። ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬኒያና ሚሺጋን ፖከርን የፈቀዱት የኢንተርኔት ቁማርን ለይቶ የሚፈቅድ ሕግ አውጥተው ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ “የኒው ጀርሲ ሳይት ነው” ማለት አያዋጣም፤ የሚቆጠረው ሰውየው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

“ያለሁበትን ቦታ የሚደብቅ ቪፒኤን አለኝ።” ፈቃድ ያላቸው ሳይቶች የሚጠቀሙበት የቦታ ማረጋገጫ ሶፍትዌር አይፒ አድራሻ አይቶ አይመለስም። በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች ያያል፣ ጂፒኤስ ያያል፣ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ከሩቅ እያንቀሳቀሰው መሆኑንም ያያል።

“ሳይቱ ከውጭ አገር ፈቃድ አለው።” ፉል ቲልት ፖከርም ከኦልደርኒ ደሴት ፈቃድ ነበረው። ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የፉል ቲልትን፣ የፖከርስታርስንና የአብሶሉት ፖከርን ድረ ገጾች ሲይዝ የፉል ቲልት ካዝና የተጫዋቾቹን ሒሳብ የሚሸፍን ሆኖ አልተገኘም። ኦልደርኒ ፈቃዱን ያገደችው ጁን መጨረሻ ላይ ነው፤ ከረፈደ። አሜሪካ ያሉት ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ክፍያ ያገኙት በፌብሩዋሪ 2014 ነበር፤ ያውም ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ፖከርስታርስ በከፈለው ገንዘብ።

አሁን ወደ ሊንኩ።

“ማስታወቂያ ብቻ” የሚለው መከላከያ ከ2006ቱ ሕግ በፊት ጀምሮ ተሞክሮ አላዋጣም። ፍትሕ ሚኒስቴሩ በጁን 2003 ለብሮድካስተሮች ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ፣ ሕገወጥ ቁማርን ማስተዋወቅ ወንጀሉን እንደ መርዳት ሊቆጠር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስፖርቲንግ ኒውስ የተባለው የስፖርት ሚዲያ በጃንዋሪ 2006 ከመንግሥት ጋር በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በዲሴምበር 2007 ማይክሮሶፍት፣ ያሁና ጉግል በአንድ ላይ በ31.5 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ዘጉ። ሦስቱም ካርድ አልበወዙም፤ ማስታወቂያ ነው የሸጡት። ጉግልን ያላዳነ ሰበብ አምስት ሺህ ተከታይ ያለውን የቴሌግራም ቻናል ያድናል ብሎ ማሰብ ይገርማል።

ፖከርን የፈቀዱት ግዛቶች ደግሞ አፊሊየቱን ፈጽሞ አልረሱትም። በኒው ጀርሲ ጥያቄው የሚከፈልህ እንዴት ነው የሚል ነው። ባመጣኸው ሰው ልክ፣ በነፍስ ወከፍ የተቆረጠ ዋጋ የምትቀበል ከሆነ የአቅራቢ ምዝገባ ይበቃሃል። ከሳይቱ ገቢ ድርሻ የምትወስድ ከሆነ ግን የባለቤቶቹ ማንነትና የገንዘብ ምንጭ የሚመረመርበት ፈቃድ ያስፈልግሃል። ምክንያቱ ለማንም ደላላ ግልጽ ነው። ሳይቱ ከየጨዋታው ሬክ የሚባል የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። አንድ ተጫዋች በወር 200 ዶላር ሬክ ቢያስገባና ውልህ 30 በመቶ ቢል፣ ሰውየው እስከተጫወተ ድረስ በየወሩ 60 ዶላር ታገኛለህ። ይህ ድለላ መሆኑ ቀርቶ ሽርክና ነው፤ ሕጉም እንደ ሸሪክ ያይሃል። የድርሻ ውል ሌላም ጣጣ አለው። በኦክቶበር 2006 ፓርቲፖከር የተባለው ሳይት ከአሜሪካ ሲወጣ በድርሻ የሚሠሩት አፊሊየቶች የአሜሪካ ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ደረቀ፤ በነፍስ ወከፍ የተቀበሉት ግን ገንዘቡን ቀድመው ኪሳቸው ከተውት ነበር።

ብዙዎች የሚወድቁት ሕጋዊውንና ሕገወጡን ጎን ለጎን ሲያስተዋውቁ ነው። የኒው ጀርሲ ተቆጣጣሪ በጁን 2015 ባወጣው መመሪያ፣ ፈቃድ የሌላቸውን ሳይቶች የሚያስተዋውቁ አፊሊየቶች በ150 ቀን ውስጥ ሊንኮቹን በሙሉ እንዲያነሡ ጠየቀ። “በሙሉ” የሚለው ቃል ላይ ነው ችግሩ። ከፊት ገጹ ላይ ባነሩን ማውረድ ይቀላል። የሚረሳው በሦስት ዓመት ጽሑፍ ውስጥ የተሰገሰገው ሊንክ፣ በማሳጠሪያ አድራሻ ተሸፋፍኖ ወደ ሌላ ሳይት የሚወስደው፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሥር የተጻፈው፣ ፒን ተደርጎ የቀረው የቴሌግራም መልእክት ነው። ስለዚህ ለምዝገባ ወይም ለፈቃድ ከማመልከትህ በፊት የመከታተያ ኮዶችህን ከየሳይቱ ዳሽቦርድ አውርደህ ዘርዝር፤ እያንዳንዱ የት እንደተለጠፈ ፈልግ፤ ሊንኩን ካጠፋህ በኋላ አካውንቱንም በጽሑፍ አስዘጋና መልሱን አስቀምጥ። ሊንኩ ጠፍቶ የድሮ ተጫዋቾች ኮሚሽን መግባቱን ከቀጠለ አላቋረጥክም።

“ስዊፕስቴክስ ፖከር በሳይቱ ምናባዊ ሳንቲም ስለሆነ ቁማር አይደለም” የሚለውም አርጅቷል። አንዱ ሳንቲም ለጨዋታ ብቻ የሚገዛ፣ ሌላው በስጦታ መልክ የሚሰጥና በገንዘብ የሚመነዘር መሆኑ ነበር ዘዴው። ኦክቶበር 2025 የተፈረመውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ኤቢ 831፣ ይህን ባለ ሁለት ሳንቲም ዘዴ ከለከለ። ተጠያቂ የሚሆኑትንም ሲዘረዝር ክፍያ አስተላላፊውን፣ የቦታ ማረጋገጫ ድርጅቱን፣ “ሚዲያ አፊሊየት” ብሎ ደግሞ እያወቀ የሚያስተዋውቀውን በስም ጠርቷል። ቅጣቱ ከ1,000 እስከ 25,000 ዶላር፣ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስር፣ ወይም ሁለቱም ነው። ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ ሊንክ ብቻ የለጠፈ ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ይበጀዋል።

የቀረው የታክስ ነገር ነው። “ካገኘሁት ያጣሁትን አቀናንሼ የተረፈውን ብቻ እከፍላለሁ” የሚለው እስከ 2025 የታክስ ዓመት ድረስ፣ ተቀናሹን ዘርዝሮ ለሚያስገባ ሰው፣ ከሞላ ጎደል ልክ ነበር። በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌደራል ሕግ ግን ከ2026 ጀምሮ የሚቀነሰውን ኪሳራ 90 በመቶ ላይ ገደበው። በዓመት 100,000 ዶላር አግኝቶ 100,000 ያጣ ተጫዋች አንድ ዶላር ሳይተርፈው በ10,000 ላይ ታክስ ይሰላበታል። አፊሊየቱ በዚህ አይነካም፤ ኮሚሽን የንግድ ገቢ እንጂ የቁማር ገቢ አይደለም። በግሉ የሚሠራ ከሆነ ወጪውን ቀንሶ በተረፈው ላይ ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ታክስ አለበት፤ ራሱ ፖከር ተጫውቶ ያጣውን ከኮሚሽኑ ላይ መቀነስ ግን አይችልም።