በቆሎን የሚተኩ የመኖ እህሎች በጎንደር

አሳማ በጎንደር ገበያ አይታይም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም። ኦሪት የከለከለችው ሰኮናው ስንጥቅ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ነው። የመኖውም ጉዳይ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው። ከማያመሰኩ እንስሳት ብዙዎቹ በጭድ ብቻ አይኖሩም፤ እህል ይፈልጋሉ። አሳማ እንዲህ ነው። በየግቢው የምትጭረው ዶሮም እንዲሁ። ስለዚህ ሌላው ዓለም ለአሳማ የሚያሰላው ሂሳብ በአመዛኙ ለጎንደር ዶሮ አርቢም ይሠራል።

የተለመደው መኖ በቆሎ ነው። እሱ ሲወደድ ማሽላ፣ ገብስና ስንዴ ይተኩታል። ማሽላው ከመተማና ከቋራ ቆላ፣ ገብሱ ከወገራና ከደባርቅ ደጋ ይወርዳል።

ከበቆሎ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ማሽላ ነው። ኃይል ሰጪነቱ የበቆሎን 95 በመቶ ያህላል። ግን ማሽላ ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍ የማይደፍረው መራራ ዓይነት ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ በደንብ አይፈጭም፤ ነጩ ይሻላል። ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ለአሳማ ካልተፈጨ እንደተዋጠ ይወጣል። ዶሮ ግን ጡንቻማ ጨጓራዋ ይፈጭላታል። ነጭ ማሽላ ብቻ የበላች ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ይገረጣል። ጉዳት የለውም፣ ገዢ ግን ያጉረመርማል። ጎመን ጣል ቢደረግላት ቀለሙ ይመለሳል።

ገብስ ገለባው ስለሚበዛ ኃይሉ ያንሳል፤ ለጫጩት ሲበዛ ኩሷን ያጣብቀዋል። ስንዴ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ኪስ ግን ያራቁታል። ፍሩሽካው በመጠኑ ሊቀላቀል ይችላል።

የሁሉም እህሎች ጉድለት ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ነው። የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ቢሆንም በዚህ በኩል ደካማ ነው። አኩሪ አተር ይበልጠዋል፤ ጥሬውን ግን አይሰጥም፣ ይቆላል።

ለሚያመሰኳው ሰንጋ ነገሩ ይቀላል። የጠላና የአረቄ አተላ፣ ፋጉሎና ጭድ ያደልቡታል። ከተማዋ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ስላላት የቢራ አተላም አለ። ከአራት እጁ ከሦስቱ በላይ ውሃ ስለሆነ ግን በጥቂት ቀናት ይበላሻል።

የሻገተ ፋጉሎ ወይም እህል ለማንም አይሆንም። ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ዶሮንም አሳማንም ይጎዳል፤ የበላችው ላም ከሆነች ደግሞ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ ማፍላትም አያጠፋውም።